ቨርቹዋል ማሽንን ወደ እውነተኛ ኮምፒውተር ማሻገር

(የመግቢያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ መርጡለ ማርያም ያለ አንድ የኮምፒውተር መምህር በላፕቶፑ ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ጭኖ፣ በውስጡ ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን የሊኑክስ ሲስተም አደራጀ እንበል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሲያገኝ መምህሩ ሥራውን ከሀ መጀመር የለበትም።

ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ሃርድ ዲስኩም አንድ ፋይል ነው። ይህን ፋይል ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻ ግን ኮምፒውተሩን አያስነሳም። መጀመሪያ ወደ ጥሬ የዲስክ ምስል ይቀየራል። እዚህ ላይ መጠኑን አስተውሉ፦ ላፕቶፑ ላይ 12 ጊጋባይት የያዘው ፋይል፣ ዲስኩ ሲፈጠር 60 ተብሎ ከነበረ፣ ሲቀየር 60 ይሆናል። ተቀባዩ ዲስክ ከዚያ ማነስ የለበትም።

ቀጥሎ አዲሱን ኮምፒውተር ሊኑክስ በያዘ ፍላሽ አስነስቶ ምስሉን ዲዲ በተባለው ትእዛዝ ዲስኩ ላይ መጻፍ ነው። እባካችሁ የዲስኩን ስም ደጋግማችሁ አረጋግጡ! ዲዲ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ አይጠይቅም፤ በነበረው ላይ ይጽፍበታል። መብራት ከጠፋ ሥራው መሐል ላይ ስለሚቀር ዩፒኤስ ቢኖር መልካም ነው።

አልነሳ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው አነሳሱ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ የተደራጀው ባዮስ በተባለው የቆየ የአነሳስ ዘዴ ሆኖ አዲሱ ኮምፒውተር ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲሱን ዘዴ ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ለዩኢኤፍአይ በሚስማማ መልኩ እንደገና ይጫናል። የኔትወርክ ካርዱም ስም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚለወጥ፣ በአሮጌው ስም የተሞላው አይፒ አድራሻ በአዲሱ ስም ይስተካከል። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን እንደገና ሊጠይቅ ይችላል።

(ሙዚቃ)