ስለ ተጠቅላይ የሱቅ በር ለውጥ
ከቦሌ እስከ አያት ላሉ ሱቆች የሚሆን ምርጫ



የምሕንድስና ሙያ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ግድብ፣ ድልድይና ረጅም ሕንፃ ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ነዋሪ በየዕለቱ በእጁ የሚነካው መሣሪያ ከእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች እጅግ ያነሰ ነው። ማለዳ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቦሌ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከዚያም ወደ ገርጂ፣ ወደ መገናኛና ወደ አያት የሚጓዝ ሰው አንድ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማዋል፤ ይኸውም ተጠቅላዩ የሱቅ በር ወደ ላይ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ገበያው «ሮሊንግ ሻተር» የሚለው ይህ በር የነጋዴውን ሀብት ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ካልሠራ ግን የዕለቱ ገበያ የለም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያረጀ ተጠቅላይ በር በምን ዐይነት በር ይተካ የሚለው ነው። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም በውስጡ የሰው ሕይወት አለበት።

የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ያደገው በደረጃ ነው። የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች ባለመብቃቱ በ1950ዎቹ የቦሌው ማረፊያ ተሠራ፤ ወደ እርሱም የሚወስደው መንገድ ቀስ በቀስ የንግድ መንገድ ሆነ። በ2008 ዓ. ም. ቀላሉ ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሥራ ሲጀምር ንግዱ መስመሩን ተከትሎ ሰፋ። በ2016 ዓ. ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መገናኛ ያለውን የመንገድ ዳር ገጽታ ለወጠው። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ የተተከሉት በሮች ዛሬ ዕድሜያቸው እንደየጊዜያቸው ይለያያል።

ለአብነት ያህል በገርጂ አንድ የጨርቅ ሱቅ ይታሰብ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ናቸው። በሩ 3 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ቁመት አለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሌሊት በሱቁ ውስጥ አንድ ወጣት ያድራል፤ በሩም ከውጭ በጓጉንቸር ይቈለፋል። የኋላ በር የለም። አንዱ ሻጭ የኤሌክትሪክ በር እንዲገዙ ይመክራቸዋል፤ ብየዳ ሠሪው ደግሞ አሮጌው ይጠገን ይላል። ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ በሩ ለምን እንደከበደ ማወቅ ያሻል። በሩ እርስ በርሳቸው ከተቈላለፉ ጠባብ ላሜራዎች የተሠራ ሲሆን፣ በጎንና በጎን ባሉ ሐዲዶች እየተመራ ከላይ ባለው ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። በዘንጉ ላይ ያለው ሞላ በሩ ሲወርድ ይጠበቃል፤ ሲነሣም ያከማቸውን ኀይል ይመልሳል። የላሜራው ክብደት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ቢሆን የገርጂው በር 90 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በሩ ወርዶ ሳለ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ነው፤ ተጠቅልሎ ሲያበቃ ደግሞ ወደ 3 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በሩን ለማንሣት የሚያስፈልገው ጒልበት 90 በ9.8 በ1.5 ሲባዛ 1,320 ጁል ያህል ነው። ይህን ጒልበት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሲደክም ሸክሙ ወደ ሰው ትከሻ ይተላለፋል።

ምርመራው ቀላል ነው። በሩ እስከ ግማሽ ተነሥቶ በጥንቃቄ ሲለቀቅ ባለበት ከቆመ ሞላው ደኅና ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ደክሟል። ሞላው ደኅና ሆኖ በሩ የሚከብድ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከደረቀ ኩሽኔታ፣ ከተጣመመ ላሜራ ወይም አቧራና ጭቃ ከሞላው ሐዲድ ነው። በክረምት ዝናብ የሚበላው ብዙውን ጊዜ የታችኛው ብረትና የሐዲዱ እግር ብቻ ነው፤ ለእነዚህ ሲባል በሩን በሙሉ መጣል ብክነት ይሆናል። ሞላውን መፍታት ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ የተጠበቀ ሞላ ድንገት ሲለቀቅ እጅ ይሰብራል፤ ከዚያም የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

የሞላው ዕድሜ የሚቈጠረው በዓመት ሳይሆን በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ነው። 10,000 ጊዜ እንዲሠራ የተሠራ ሞላ በቀን 1 ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ 27 ዓመት ያገለግላል። በቀን 3 ጊዜ ከሆነ ግን 9 ዓመት ብቻ ይቈያል። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ዓመት ዋስትና አለው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ጊዜ እንዲከፈት ተሠርቷል?» ተብሎም ነው።

መለወጡ ግድ ሲሆን ምርጫው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በሞላ ተመዝኖ በእጅ የሚነሣ በር ነው። ሁለተኛው ዘንጉ ውስጥ በሚገባ ቱቦ መሰል ሞተር የሚዞርና በአብዛኛው ያለ ሞላ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ሞላው እንዳለ ሆኖ በዘንጉ ላይ በሚታሰር ሞተር የሚታገዝ ነው።

ስለ ሞተር ሲነሣ ብዙዎች የሚጨነቁት ስለ ኀይሉ ነው። ይሁንና 90 ኪሎ ግራም በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ለማንሣት የሚያስፈልገው 88 ዋት ብቻ ነው፤ ግማሹ በጥርሶቹ ሰበቃ ቢጠፋ እንኳ ከ180 ዋት አይበልጥም። አሳሳቢው ሙቀት ነው። ቱቦ መሰሉ ሞተር ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ለ4 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ማረፍ አለበት። 3 ሜትር ለመውጣት 30 ሴኮንድ ይፈጅበታልና በተከታታይ 8 ጉዞ ሲያደርግ ገደቡ ላይ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የዓለም አቀፍ መለኪያ የሚያገለግለው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ቀጭን በመሆኑ ሞተሩን እንደሚገባው አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ በካታሎግ «ይበቃል» የተባለው ሞተር በአዲስ አበባ አንድ ደረጃ ከፍ ተደርጎ ሊመረጥ ይገባል።

የቮልቴጅ ጉዳይም አለ። የሞተር የማዞር ኀይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ የማዞር ኀይሉ ወደ 81 በመቶ፣ በ20 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ወደ 64 በመቶ ይቀንሳል። በምሽት መብራት ሲደክም በሩ በመንገድ ላይ የሚቆመው ስለዚህ ነው፤ ቆሞ የሚያጓራ ሞተርም ቶሎ ይቃጠላል። ሞላው የሚያግዘው ሞተር ግን ትንሽ ሸክም ብቻ ስለሚቀርለት ይህን ጉድለት ይችለዋል።

ቀጭኑ አየር በሌላ በኩል ይጠቅማል። በሴኮንድ 25 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ዳርቻ በካሬ ሜትር ወደ 383 ኒውተን ግፊት ሲኖረው፣ በቦሌ ከፍታ 288 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ በ9 ካሬ ሜትር በር ላይ ጠቅላላ ግፊቱ ወደ 2,600 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም የ260 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ላሜራው ሲጐብጥ ጫፉ ከሐዲዱ ይወጣል። ጒብጠቱ በስፋቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ 3 ሜትር የነበረው በር 4.5 ሜትር ሲሆን ጒብጠቱ 5 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለሰፊ የሱቅ ፊት ከአንድ ታላቅ በር ይልቅ በመካከሉ ምሰሶ ያላቸው ሁለት ትንንሽ በሮች ይሻላሉ።

ቀጥሎ የሚመዘነው መለዋወጫ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከአንድ ፋብሪካ በቀር የትም የማይገኝ ክፍል ያለው በር የገዛ ሰው ያን ክፍል በፈለገ ቊጥር የምንዛሪው ባለዕዳ ነው። በአንጻሩ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነው 6205 የተባለው ኩሽኔታ በመላው ዓለም አንድ ነው፤ ማንኛውም የኩሽኔታ ሻጭ ያውቀዋል። ሞላውንና ሐዲዱን የሰፈር ብረት ሠራተኛ ሊሠራቸው ይችላል። ርካሽ በር ማለት እንግዲህ በግዢው ቀን ዋጋው ያነሰ ብቻ ሳይሆን በአሥረኛው ዓመትም የሚጠገን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። መብራት ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በውስጡ ሰው ሳለ እሳት ቢነሣ ምን ይሆናል? በ1911 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኒውዮርክ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣው እሳት 146 ሰዎች ሞቱ፤ ከመውጫዎቹ አንዱ ተቈልፎ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። በገርጂው ሱቅ የሚያድረው ወጣት ደግሞ በሌሊት፣ ብቻውን፣ በጨርቅ ክምር መካከል ነው። ለእርሱ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝነው በር ሞተሩ መብራት በማጣቱ፣ ወይም ሞላው በመድከሙ፣ ወይም ጓጉንቸሩ በውጭ በመሆኑ ግድግዳ ይሆንበታል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይበቃል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ሻጩም ብየዳ ሠሪውም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ላሜራዎቹ ደኅና ከሆኑ በሩን በሙሉ መጣል አያስፈልግም፤ አዲስ ሞላ፣ አዲስ ኩሽኔታና አዲስ የታች ብረት ይበቁታል። የወይዘሮዋ ጒልበት በመድከሙ ሞተር ቢፈለግ፣ ሞላውን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ መልቀቂያ ገመዱ ተስቦ በሩ በአንድ ሰው እጅ ሊነሣ ይችላልና። መልቀቂያው በውስጥ በኩል ለሚያድረው በሚደርስበት ቁመት ይሁን፤ በውጭ በኩልም በቁልፍ የሚከፈት ሌላ ይኑረው፤ አለዚያ ማለዳ መብራት ሲጠፋ ባለቤቷ ከገዛ ሱቃቸው ውጭ ይቀራሉ። ጓጉንቸሩም ከውስጥ ያለ ቁልፍ በሚከፈት መቈለፊያ ይለወጥ። ይህ ሁሉ ለሞተር ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃም መቈለፊያው ይቅደም፣ ሞተሩ ይቈይ።

በሩ ከተተከለ በኋላ ሐዲዱ በየወሩ ይጠረግ፣ ኩሽኔታው ከክረምት በፊትና በኋላ ግራሶ ይቀባ፣ የግማሽ ማንሣቱ ሙከራ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገም። ሙከራውን የሚያድረው ወጣት ራሱ፣ በውስጥ በኩል፣ መብራቱን አጥፍቶ ቢያደርገው ደግሞ ይመረጣል። በሩ በዚያ ጨለማ ውስጥ በእጁ ከተነሣለት ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ነው።