ስለ ደጅ ጥናት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰባኪም አይደለሁም። ጸሐፊያችን «ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር ተናገር» ስላሉኝ ነው የቆምሁት። በእድራችን ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አለ። እኔ የማውቀው በኦርቶዶክስ ቤት ያየሁትን ስለሆነ ከዚያው እናገራለሁ፤ ደጅ የማይጠና ግን በየትኛውም ቤት የለም።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖርሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ «ነገ ይምጡ» እለው ነበር። እውነቱን ልናገርና ብዙውን ጊዜ እንዲህ የምለው ፋይሉ የት እንደ ገባ ስለማላውቅ ነው። ሰውየው ግን ትልቅ ምክንያት ያለኝ መስሎት እጅ ነሥቶ ይሄዳል።

የቤተ ክርስቲያናችንን ነገር ታስታውሳላችሁ። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በ1980 ዓ.ም. ተሾሙ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መንበሩን ለቀው ኋላም ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተተኩ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ አንድ ሲኖዶስ፥ ውጭ አገር ሌላ ሲኖዶስ ሆነ። ማን አጠፋ የሚለውን ለዐዋቂ እተወዋለሁ፤ እድር የፍርድ ሸንጎ አይደለም።

ነገሩ የነካኝ በቤቴ በኩል ነው። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እሱ በሚያስቀድስበት የሚጠራው የአንደኛው አባት ስም፤ እኔ በማስቀድስበት የሌላው። በስልክ ተጣላን። ክፉ ቃል ተናገረኝ፤ እኔም የባሰ መለስሁለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

እናታችን ማታ ማታ ስትጸልይ እሰማታለሁ፤ «እኒያን አባት ለአገራቸው አብቃቸው፤ ልጆቼንም በአንድ ቅዳሴ አቁምልኝ» ትላለች። ይህን ስትል ብዙ ዓመት ሆናት። አቡነ ጳውሎስ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አሁንስ ይታረቃሉ ብለን ነበር። በ2005 ዓ.ም. አሜሪካ ዳላስ ላይ ንግግር ተደረገ፤ አልሆነም። በዚያው ዓመት አቡነ ማትያስ ስድስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። እኔ ተናደድሁ። «እግዚአብሔርም እንደኔ ነገ ና ይላል እንዴ?» አልኋት። ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «አንተ ነገ ና የምትለው ወረቀት እየጠፋብህ ነው። እሱ ዘንድ የሚጠፋ ወረቀት የለም» አለችኝ። አፌን ያዝሁ።

ይህቺ ሴት ስትጠብቅ እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ የዚህ እድር እንጀራ ስንት ጊዜ በእሷ ምጣድ ወጥቷል። ደግሞ እሑድ እሑድ ወንድሜ ሲደውልላት ተናግራ ስትጨርስ ስልኩን ሳትዘጋ እኔ ጆሮ ላይ ትለጥፈዋለች። ምን ይደረጋል! መጀመሪያ «ደኅና ነህ?» ብቻ፤ ቀስ በቀስ ስለ ልጆች፤ በኋላ ሳቅም መጣ። አባቶች ሳይታረቁ እኛ ታረቅን። እሷ ግን መጠበቁን አልተወችም፤ ልመናዋ ሁለት ነበረና።

በ2007 ዓ.ም. ዐረፈች። አላየችም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ታረቁ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ከረጅም ዘመን ስደት በኋላ አገራቸው ገቡ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ተቆጣሁ፤ ሦስት ዓመት ብቻ ቀርቷት ነበር! የካቲት 8 ቀን የምናስበው አረጋዊ ስምዖን የተስፋውን ሕፃን አቅፎ ነው የተሰናበተ። የእኔ እናት ምን አጠፋች? ቄሱን ብጠይቃቸው፥ ሐዋርያው ስለ እምነት ሰዎች በጻፈው ውስጥ ተስፋውን ከሩቅ አይተው ሳይቀበሉ ያረፉ ብዙዎች እንዳሉ አሳዩኝ። እኔ የስምዖንን ብቻ ነበር የማስታውሰው፤ የሚጣፍጠውን መርጬ ይዤ ኖሯል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፥ እናቷ እዚያ ያሉ ጎረቤቴ ደጅ ላይ አግኝታኝ አለቀሰች። «ሁሉም በእግዚአብሔር ጊዜ ነው፤ ታገሺ» ብያት መንገዴን ቀጠልሁ። ቃሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ያልሁት ቶሎ ለመሄድ ነበር፤ ያችው የመዝገብ ቤቷ «ነገ ይምጡ» ናት። ማታ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጠራቻት፤ አብረን ዝም ብለን ተቀመጥን። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን እንቀመጣለን፤ ሞቱም ሕይወቱም ያልታወቀ ዘመድ ያለው ግን ድንኳን አይተከልለትም። ዛሬም ልጇ በባሕር ሄዶ ድምፁ የጠፋባት እናት በየሰፈሩ አለች። ኮሚቴው ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ።

ወንድሜ በጥር 2011 ዓ.ም. መጣ። ጎን ለጎን ቆመን አስቀደስን። የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም ተጠራ፤ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ። ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ዘንድ ሄድን። ጧፍ አበራና ጎንበስ ብሎ፥ እንደ ስልክ ጮክ ብሎ «እማዬ፥ ሁለቱንም ጠሯቸው» አላት።

አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. በአገራቸው ዐርፈዋል። እኔም ጨርሻለሁ፤ ለፋፊያችን ምሳው ቀዘቀዘ እያለ ከበር ላይ ይጠቅሰኛል።