የደነዘ ሰንሰለት ጉልበት ይበላል፣ ሰውም ይጎዳል
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመሠረታዊ ማኅበር አባል የቀረበ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው አስረድተዋል። እኔ የማነሳው ጉዳይ ከእነዚህ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። የምናገረው የሞተር መጋዝን ሰንሰለት በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እጃችን ስለ መሳል ነው። ትንሽ የሚመስለው ነገር በእኔ ቤት ምን እንዳደረሰ ስነግራችሁ ግን ለምን ይህን ርዕስ እንደመረጥኩ ትረዱኛላችሁ።

እንደሚታወቀው ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ለአዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ታስቦ የተተከለው ዛፍ ዛሬ ለእኛ ለደጋ ገበሬዎች እንደ ባንክ ሆኗል። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ቆርቆሮ ሲገዛ የምንሄደው ወደ ባህር ዛፋችን ነው። አባቶቻችን በመጥረቢያ ሳምንት የሚፈጅባቸውን ሥራ የሞተር መጋዝ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በመሆኑም ብዙዎቻችን ገዝተናል፣ የተቀረነውም እየተከራየን እንሠራለን። መጋዙን ስንገዛ ግን ሞተሩን ማስነሳት እንጂ ሰንሰለቱን መሳል ያስተማረን አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን የባህር ዛፍ ሽያጭ ነበረኝ። የጭነት መኪናው ደርሷል፣ ደላላው ይጣራል፣ ገና ያልተከተፈ ግንድ ተከምሯል። መጋዙን የያዘው የአጎቴ ልጅ ነበር። ሰንሰለቱ ጠዋት መሬት ነክቶ ደንዞ ስለነበር መጋዙ ይጮሃል እንጂ አይቆርጥም። ልጁ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ይህ ነገር እምቢ አለ» አለኝ። እኔም መኪናውን እያየሁ «ጫን በለው!» አልኩት። እሱም ታዘዘኝ። ሙሉ ክብደቱን መጋዙ ላይ ጣለ። ግንዱ በድንገት ሲለቅ መጋዙ ከነልጁ ወረደና ሰንሰለቱ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያዘው። እግዚአብሔር ይመስገን ሕይወቱ ተረፈ፣ እግሩም አልተቆረጠም። ነገር ግን ዛሬም ያነክሳል፤ በሬ ጠምዶ ቀኑን ሙሉ ማረስ አይችልም። በዚያ ቀን ጥፋቱ የመጋዙም የልጁም አልነበረም። ጥፋቱ «ጫን በለው» ያልኩት የእኔ ነው።

ሰንሰለት የሚቆርጠው እንዴት ነው?

ስለታም ሰንሰለት እንጨቱን ራሱ እየሳበ ይገባል። የሠራተኛው ድርሻ መጋዙን አጥብቆ ይዞ መምራት ብቻ ነው። የደነዘ ሰንሰለት ግን አይስብም፤ ስለዚህ ሰው ይገፋዋል። አደጋው የሚመጣው ከዚህ መግፋት ነው።

ስለ ጥርሱ አሠራር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ ጆሴፍ ኮክስ የሚባል እንጨት ቆራጭ በአንድ ጉቶ ውስጥ የጥንዚዛ ትል ጠንካራውን እንጨት እየበላ ሲሄድ ያያል። ትሉ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየፋቀ ነበር የሚገባው። ኮክስ ይህን አይቶ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚፍቁ ሰንሰለት ሠራ፤ በ1947ም መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በእጃችን ያለው ሰንሰለት የዚያው ልጅ ነው። ከዚህ የምንማረው የግራውና የቀኙ ጥርስ እኩል መሥራት እንዳለበት ነው። አንዱ ወገን ከደነዘ ወይም ካጠረ መጋዙ ወደ ሌላው ወገን እየተጣመመ ይቆርጣል።

ሰንሰለት መደንዘዙን በአራት ነገር ታውቁታላችሁ። ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ሳይሆን እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ሲያወጣ፤ ካልገፉት አልገባ ሲል፤ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፤ ዘይት እያለው ሲጨስ። ከአራቱ አንዱን ስታዩ ሞተሩን አጥፉ።

አሳሳሉ

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ የካንዴላው መሰኪያም ይነቀል። ጓንት ይደረግ። ሰንሰለቱ በቡሩሽና በጥቂት ላምባ ይጽዳ፤ ሙጫና አፈር ሞረድን ያበላሻሉና።

ቀጥሎ መጋዙ እንዳይነቃነቅ ይያዝ። ሞርሳ ያለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ባር የምንለውን፣ በሞርሳ ያስረው። ሞርሳ የሌለው ጉቶ ላይ አንድ ስንጥቅ አውጥቶ ባሩን እዚያ ውስጥ ያስገባና ከጎኑ ሽብልቅ ይምታበት። እኔ ለዓመታት የሠራሁት እንዲህ ነው። ሰንሰለቱ እንዳይወዛወዝ ጠበቅ ይደረግ።

ሦስተኛው ሞረዱ ነው። ሞረዱ ክብ ሆኖ ውፍረቱ ከሰንሰለቱ ጋር መስማማት አለበት። ለትናንሽ መጋዞች የሚሆነው ቀጭኑ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር ሞረድ ይፈልጋል። 0.325 ኢንች የሚባለው 4.8 ሚሊ ሜትር፣ የትላልቆቹ መጋዞች ሦስት ስምንተኛ ኢንች ደግሞ እንደ ሠሪው 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ በመጋዙ መመሪያ ወይም በሰንሰለቱ ካርቶን ላይ አለ። ካርቶኑን አትጣሉ።

አራተኛ፣ ከጥርሶቹ ሁሉ ያጠረውን ፈልጉና ጀርባውን በቀለም ምልክት አድርጉበት። መለኪያችሁ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ እሱ ቁመት ይመጣሉ።

አምስተኛ፣ ሞረዱን በጥርሱ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጡ። በብዙ ሰንሰለቶች ጥርስ ጀርባ ላይ የተጫረ መስመር አለ፤ በአብዛኛው 30 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ሞረዱ ከዚያ መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ከሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛው ያህል ከጥርሱ አናት በላይ ይታይ። ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉት። ሲመለስ ሞረዱን አንሱት። ወደፊትና ወደ ኋላ የሚፈትግ ሰው ሞረዱንም ጥርሱንም ይገድላል። በአንድ ጥርስ ሦስት ጊዜ ከገፋችሁ በሁሉም ሦስት፣ አምስት ከሆነም በሁሉም አምስት ይሁን። ቁጠሩ። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ወገን ዙሩ። አብዛኞቻችን ቀኝ እጅ ስለምንጠቀም ሳይታወቀን በአንዱ ወገን ጠንከር አድርገን እንሞርዳለን። መጋዙ የሚጣመመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ተሳለ አልተሳለም የሚባለው በዓይን ነው። ጥርሱን ወደ ብርሃን አዙሩት። ጫፉ ላይ ነጭ መስመር ካበራ ገና ደንዝዟል፤ ብርሃን ካልመለሰ ተስሏል።

ስድስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት አንዲት ጉብታ አለች። ሥራዋ ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚጎርስ መወሰን ነው። ጥርሱ በተሳለ ቁጥር ስለሚያጥር ከጊዜ በኋላ ጉብታዋ ትበልጠዋለች፤ ያኔ ሰንሰለቱ ቢሳልም አይቆርጥም። ስለዚህ በየሦስትና አራት ስለቱ ጉብታዋን በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ አድርጉ። በብዙ ሰንሰለቶች ከጥርሱ አናት 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብትል ይበቃል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ የብረት መለኪያ አለ። በግምት አትሥሩ። ጉብታዋን ያለ ልክ ዝቅ ያደረገ ሰው መጋዙ ያለ ልክ ይጎርስበታል፣ ወደ ኋላም ተስፈንጥሮ ሊመታው ይችላል።

በመጨረሻ ሰንሰለቱን አጽዱ፣ ዘይት ቀቡ፣ ጥብቀቱን አስተካክሉ። በእጅ ሲጎተት የሚዞር፣ ነገር ግን ከባሩ ሥር የማይንጠለጠል ይሁን። ባሩንም በየጊዜው ገልብጡት፣ በሁለቱም ጎን እኩል እንዲያልቅ። ከጥርሶቹ አንዱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ካጠረ ወይም ሠሪው ያደረገበት ምልክት ላይ ከደረሰ ሰንሰለቱ ዕድሜውን ጨርሷል። እሱን መሳል ቁጠባ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለለመደ እጅ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ ሰንሰለቴን ከተማ ወስጄ በሚሽከረከር ድንጋይ አስስዬ ነበር። ጥርሶቹ በሙቀት ሰማያዊ ሆነው፣ ግማሻቸው ተበልተው መጡ። የትራንስፖርቱ ገንዘብ፣ የባከነው ቀንና ሰንሰለቱ ሲደመሩ ስንት ሞረድ ይገዙ እንደነበር እናንተው አስሉት።

ስለትን መጠበቅ

ሰንሰለትን ቶሎ የሚያደነዝዘው እንጨት ሳይሆን አፈር ነው። መሬት ለመሬት የተጎተተ ግንድ ልጡ ላይ አሸዋ ይይዛል፤ በመጥረቢያ ልጡን ጠረግ አድርጉለት። የአጥር ዛፍ ላይ ምስማርና ሽቦ ፈልጉ። ዛፍ ስትጥሉ ደግሞ የግንዱን ሥር በዶማ ከአፈርና ከድንጋይ አጽዱ።

የመጨረሻው ምክር ለሰንሰለቱ ብቻ አይደለም። ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። የሚቀጥለው ምርታችን ያለው ጉቶው ላይ ነው። ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳያቁር ትንሽ ዘንበል ተደርጎ፣ በስለታም ሰንሰለት ለስልሶ የተቆረጠ ጉቶ ጥሩ ቡቃያ ያወጣል። በደነዘ ሰንሰለት የተቀደደና ልጡ የተላጠ ጉቶ ግን ይበሰብሳል፣ ቡቃያውም ይደክማል። ስለዚህ ሞረድ የማይይዝ ሰው የዛሬውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ገቢም ያጣል።

ለዩኒየናችንና ለኃላፊዎች

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣ ማዳበሪያን አንድ ላይ ስንገዛ ዋጋው እንደሚቀልልን አይተናል። ሞረድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ለዩኒየናችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ክብና ጠፍጣፋ ሞረድ፣ የጉብታ መለኪያ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር በጅምላ ተገዝተው በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ለአባላት ይቅረቡ። ሁለተኛ፣ በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ሞርሳ ይተከል፤ ማንም አባል ሰንሰለቱን ይዞ መጥቶ ይሳልበት። ሦስተኛ፣ ከየማኅበሩ ሁለት ሁለት ሰው ሠልጥኖ ሌላውን ያስተምር። ለዚህ ሥልጠና አስተማሪ ከሩቅ መፈለግ የለብንም። እግሩ የተጎዳው የአጎቴ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ዛሬ የሰፈራችንን ሰንሰለት ሁሉ የሚስለው እሱ ነው። እኔንም «ቁጠር» ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው።

የወረዳችንን ኃላፊዎችም የምለምነው በሥልጠናው ላይ የግብርናና የደን ባለሙያዎች አብረውን እንዲቀመጡ ነው። የተሳለ መጋዝ በገዛ እጃችን ለተከልነው ዛፍ እንጂ ለተፈጥሮ ደን፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ቅጥር ዛፎች አይደለም። ይህንንም አብረን እናስተምር።

ወገኖቼ፣ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይወስዳል እንጂ በሬውን አይደበድብም። መጋዙም ከዚህ የተለየ አይደለም። ነገ ጠዋት መጋዝ የያዘው ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ቅጥረኛችሁ «ይህ ነገር እምቢ አለ» ሲላችሁ መኪናው ቢጠብቅም፣ ደላላው ቢጮህም፣ «ጫን በለው» አትበሉት። «አጥፋውና ሞረዱን አምጣ» በሉት። መኪና ሌላ ቀን ይመጣል።