መዝገቡ ለባለቤቱ እንዲደርስ፤ ስለ ጤና መረጃ ልውውጥ ደረጃዎችና ስለ ሕግ ግዴታ



በእንጦጦ ተራራ በኪዳነ ምሕረትም ሆነ በማርያም ጸበል ቦታዎች ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የሚመጣ ሕመምተኛ ታጥቶ አያውቅም። ተጠምቆ ወዲያው የሚመለስ አለ፤ ቤት ተከራይቶ ወራት የሚቀመጥም አለ። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር «ጸበል ወይስ መድኃኒት?» የሚለው ነገር በዚህ ተራራ ላይ የብዙዎች የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አጣምሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። በዚህም የምእመኑ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ የመሐንዲሱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ጎንደር ሳለች መድኃኒት ትወስድ የነበረች አንዲት እናት እንጦጦ ተቀምጣ በየካ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ መዝገቧ እንዴት ይከተላታል? ካልተከተላት ሕክምናዋ ይቋረጣል። የሌላ ሰው መዝገብ በስሟ ቢመጣ ደግሞ ያልታዘዘላትን ትወስዳለች። መዝገቡ ከማይመለከተው ሰው ዐይን ከገባ ምስጢሯ ይወጣል፤ ከጎረቤትና ከአከራይ ፊትም መቆም ያቅታታል። መዝገቦችን የሚያለዋውጥ አገናኝ ፕሮግራም የሚመዘነው ከእነዚህ አደጋዎች ሁሉ ሲጠብቃት ነው።

እንደሚታወቀው፣ በልዩ ልዩ ድርጅቶች የተሠሩ የሆስፒታል ፕሮግራሞች እንዲግባቡ ለማድረግ ኤች ኤል ሰቨን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሠረተ። ፋየር የተባለው አዲሱ ደረጃ የመጀመሪያ የሙከራ ረቂቅም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። እነዚህ ደረጃዎች ስም፣ የልደት ቀንና የላቦራቶሪ ውጤት በመልእክቱ ውስጥ በምን ቦታና በምን መልክ እንደሚቀመጡ ይወስናሉ። ሆኖም የፖስታው አጻጻፍ ማማር ደብዳቤው ለባለቤቱ መድረሱን አያረጋግጥም። በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ለጤና ሪፖርት የተስፋፋው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በዋናው አገልግሎቱ ስንት ሰው እንደታከመ ይቆጥራል፤ የአንዷን እናት መዝገብ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስም ነው። «ምሕረት» የሚለው ቃል በ«ሕ»፣ በ«ህ» ወይም በ«ኅ» ቢጻፍ ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ወልደ ማርያም» ተነጥሎም ተጋጥሞም ይጻፋል። ከዚህም በላይ የውጭዎቹ ደረጃዎች የቤተሰብ ስም የሚሉትን ቦታ እኛ በአባት ስም ስለምንሞላው፣ እናትና ልጅ በዚያ ቦታ አይመሳሰሉም። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ጠብቆ፣ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። የሚያጠራጥር ሲገኝ ፍርዱ ለሰው ይተው እንጂ ፕሮግራሙ በራሱ አያዋህድ። በዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ችግሩን ያቃልላል፤ ቢሆንም ቁጥሯን ሳትይዝ የመጣች ሕመምተኛ ከበር አትመለስም።

ሁለተኛው ችግር ዘመን አቆጣጠር ነው። የፋየር ደረጃ ቀንን የሚቀበለው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው። ፕሮግራሙ ሳይለውጥ 1980-01-01 ብሎ ቢያሳልፈው የሰውየው ዕድሜ በ7 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይጨምራል። ጥቅምት 30 ቀን በቁጥር ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ስለሚመስል ይመለሳል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነ ይመለሳል። እነዚህስ ስሕተታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። የሚያስፈራው ትክክል መስሎ ያለፈው ነው፤ የሕፃን ክትባትና የመድኃኒት መጠን በዕድሜ የሚታሰብበት ጊዜ አለና።

ሦስተኛው የሕግ ግዴታ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰው ጤና የሚናገር መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ሕግ የመረጃ ማከማቻውን በይለፍ ቃል በመቆለፍ ብቻ የሚፈጸም አድርገው ይገምቱታል። ዳሩ ግን ምስጢር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ባልታሰበ ቀዳዳ ነው። መልእክት ሳይደርስ ሲቀር ፕሮግራሙ በስሕተት መዝገብ ላይ ሙሉውን ይጽፈዋል፤ ስምና የምርመራ ውጤት በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠው ጥገና የመጣ ሁሉ ያነባቸዋል። ለሙከራ ተብሎ የሚገለበጠውም የእውነተኛ ሕመምተኞች መዝገብ ይሆናል። ስለሆነም የስሕተት መዝገብ የመልእክቱን መለያ ቁጥር ብቻ ይያዝ፤ የሙከራ መረጃ የተፈጠረ ይሁን፤ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ይይ፤ መዝገቡን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተውም ተጽፎ ይቀመጥ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ብዙ አገሮች የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፤ አሜሪካ ሂፓ የተባለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 ደንግጋለች። በዚያ ሕግ ተፈትኖ ያለፈ ፕሮግራም ግን ሞክሼ ፊደልንም ሆነ ጳጉሜንን ያውቃል ማለት አይደለም። በመሆኑም ይህን የሚፈትን የጋራ መመዘኛ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ስሞችና ቀኖች፣ የጠፉና የተደገሙ መልእክቶች የተሰበሰቡበት የፈተና ጥራዝ፣ ማኅበሩ ቢያዘጋጅና አንድ ፕሮግራም ከመገዛቱ በፊት በዚህ ቢፈተን ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ታላቅ ይሆናል።

ያቺ እናት ስለ ደረጃውም ሆነ ስለ ዐዋጁ ቁጥር ምንም አታውቅ ይሆናል። የምታውቀው ነገር ስሟን ለካርድ ክፍል ሠራተኛው አምና መስጠቷን ነው። ያንን አደራ ሳያጠፋና ሳያባክን የሚያደርስ ሥራ መሥራት የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።