ሁሉን የመረመረ ተማሪ ምን ይዞ ይወጣል?




በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ ላይ በግእዝ የተጻፈው መሪ ቃል የተወሰደው ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ከላከው ከመጀመሪያው መልእክት፥ ከምዕራፍ 5 ነው። በዚያ ግቢ አራትና አምስት ዓመት የኖረ ተማሪ ሁሉ ግን ይህን አያውቅም። ቃሉ ሁለት ትእዛዝ አለው፤ አንዱ ሁሉን መመርመር፥ ሁለተኛው መልካሙን አጽንቶ መያዝ ነው። ዓለማዊ የሆነው ተቋም ከሐዋርያ የተዋሰውን ቃል በዓርማው ላይ አትሞ ሲኖር፥ ተማሪው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ትእዛዛት አንዱን ብቻ ይዞ ይመረቃል። አንዱ መመርመርን ተምሮ የሚይዘውን ያጣል፤ ሌላው የያዘው እንዳይነካበት ፈርቶ ከመመርመር ይሸሻል። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው በሁለቱ መካከል የሚንገላታውን ክርስቲያን ተማሪ ነው።

ኮሌጁ በትምህርቱ ዓለማዊ የሆነው ከመነሻው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት በኃላፊነት የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። ይሁን እንጂ እርሳቸውም ሆኑ የማኅበራቸው መምህራን ልብሰ ክህነታቸውን ትተው እንደ ማናቸውም መምህር ለብሰው ያስተምሩ ነበር፤ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩም ግዴታ ነበረባቸው። ይህ የሆነው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን በነበረችበት፥ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ባጸናበት ዘመን ነው። እንግዲህ ዓለማዊነት ከሃይማኖት ጥላቻ የተወለደ ነው የሚለው አስተያየት ቢያንስ በዚህ ግቢ ታሪክ አይደገፍም።

ጥላቻው የመጣው ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ነው። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በዩኒቨርሲቲው እንደ ትምህርት ተሰጠ፤ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ተዘጋ፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተማሪዎች በየሰው ቤት ተደብቀው ይጸልዩ ጀመር። ሆኖም በ1983 ዓ.ም. ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ከተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በጸሎት የተሰባሰቡ ነበሩ፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም መነሻውን ከዚያ ይቆጥራል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን፥ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆኑን ደንግጓል። ስለሆነም የዛሬው ተማሪ አሳዳጅ የለበትም። እምነቱን ቢያጣ የሚያጣው ማንም ሳይቀማው ነው።

እንዴት ያጣዋል? ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ከሃዲ መምህርን ነው። ነገር ግን ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ የሚያስተምር መምህር ስለ እግዚአብሔር ለመከራከር ጊዜም ፍላጎትም የለውም። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ እጅግ ባነሰ ጉዳይ ነው። ከገጠር የመጣ የቄስ ልጅ ነው እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። በሁለተኛው ዓመት የዓቢይ ጾም ከፈተና ጋር ይገጥማል፤ ቤተ ሙከራውም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆያል። አንድ ቀን ይበላል፥ ይጸጸታልም። በሌላው ሳምንት ይበላል፥ አይጸጸትም። ክረምት ወደ አገሩ ሲገባ አባቱ «ልጄ፥ ጾሙን እንዴት ነህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ እየጾምኩ ነው አባባ» ይላቸዋል። የአዛውንቱን ልብ ላለመስበር የተነገረች ትንሽ ውሸት ናት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን እምነቱ በአባቱ ፊት ብቻ የሚለበስ ልብስ ይሆናል።

ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት የእውቀት አለመመጣጠን ነው። ተማሪው በሒሳብ ዲፈረንሻል ኢኩዌዥን ደርሷል፤ ስለ እምነቱ የሚያውቀው ግን በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጎን ቆሞ የሰማውን ነው። አንዱ እውቀት ሲያድግ ሌላው በዚያው በልጅነት ልኩ ቀርቷል። በሦስተኛው ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው የልጅነቱ እምነት ቢያሳፍረው አያስደንቅም። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚፈጽመው ስሕተት በሙያው ቢፈጽመው የሚያስወቅሰው ነው፤ የአፈሩን ጠባይ ሳይመረምር መሠረቱ አይሸከምም ብሎ ይፈርዳል።

ለዚህ ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ የሆነው ይህ ትምህርት ለብዙ ተማሪዎች የመሪጌቶች ምስጢር ይመስላል። የ2017 ዓ.ም. ስሌት ቢወሰድ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ ቀሪው 1 አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ ቀሪው 29 መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ ለስሌቱ ማረጋገጫ ነው። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ስለ ዋለ የረቡዕ ተውሳክ 4 ተጨምሮበት 33 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 12 ይሆናል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። መሪጌታው ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት በጣታቸው አንጓ ያሰሉታል። ተማሪው ቀሪን ብቻ ይዞ የሚሄደውን ይህን ዓይነት ስሌት በኮሌጅ ሲማር አዲስ ነገር ይመስለዋል፤ የአባቱ ደብር ግን ከርሱ አስቀድሞ ሲጠቀምበት ኖሯል።

መሐንዲስ ግን በዚህ ብቻ አይረካም፤ ስሌቱንም ይመረምራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፥ እያንዳንዱ 365 ቀን ከሩብ ሆኖ ሲታሰብ፥ ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር የሚለያየው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ተጠራቅማ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች። እንግዲህ ባሕረ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ ተአምር አይደለም፤ ተረትም አይደለም። በዘመናቸው በነበረ መሣሪያ ተጠንቅቀው የለኩ ሰዎች የሠሩት፥ ስሕተቱም ሊታወቅ የሚችል ሥራ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ትንሣኤ እውነት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የፋሲካን ቀን ማስላት ሌላ፥ በፋሲካ ማመን ሌላ ነውና። ተማሪው የሚያተርፈው አንድ ነገር፥ ሳያውቀው የፈረደበት ነገር እንደ ነበረ መረዳቱ ነው። ያን ካወቀ ደግሞ ሌላም ሳያውቀው የፈረደበት ይኖር ይሆናል ብሎ ወደ አበው መጻሕፍት ሊመለስ ይችላል፤ ባይመለስም ቢያንስ መሳለቁን ይተዋል።

በተቃራኒው፥ ሳይንስን እየጎተቱ የእምነት ምስክር ማድረግም አደጋ አለው። በቅን ልብ የሚደረግ ቢሆንም፥ ሳይንሱ በሌላ ዓመት ሲታረም እምነቱ አብሮ ይናጋል። ቤልጅጋዊው ዦርዥ ለሜትር በሉቨን የምሕንድስና ተማሪ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ሲመለስ ወደ ሒሳብና ፊዚክስ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. ክህነት ተቀበለ፤ በ1927 ዓ.ም. ስለ ዓለመ ጠፈር መስፋፋት የሚያስረዳውን ጽሑፉን አወጣ። በ1951 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ይህን መሰሉን ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር አቀራርበው ሲናገሩ ለሜትር ደስ አላለውም፤ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ሆኖ በራሱ መንገድ እንዲፈተን ይፈልግ ነበር። ካህን ሆኖ ሳለ ለእምነቱ የሚጠቅም የሚመስለውን ማስረጃ አልቀበልም ያለው፥ እምነቱ በዚያ ላይ ስላልቆመ ነው።

ታዲያ የክርስቲያኑ ተማሪ እምነት በኮሌጅ ውስጥ የሚፈተነው የት ነው? ከክርክር መድረክ ይልቅ ቤተ ሙከራው የተሻለ መፈተኛ ነው። አምስት ተማሪዎች በአንድ ምድብ ይመደባሉ፤ አንዱ ይለካል፥ አራቱ ይገለብጣሉ። መሣሪያው የተበላሸ እንደ ሆነም ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ሪፖርት ይቀዳል። እሑድ ያስቀደሰው ወይም በኅብረቱ ጸሎት የመራው ተማሪ ሰኞ ያልለካውን ቁጥር ጽፎ ስሙን ይፈርምበታል፤ ሁለቱ ይጋጫሉ ብሎም አያስብም። እግዚአብሔርን አላምንም የሚለው ጓደኛው ግን በትዕግሥት ለክቶ፥ ያገኘው ውጤት ከመጽሐፉ ቢለይም እንዳለ ይጽፈዋል። በዚህ ነገር የሐዋርያውን ትእዛዝ የፈጸመው የትኛው እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ለአማኙ ቢመርም።

ይህ ልማድ ከምረቃ በኋላ አይቀርም። የኮንክሪት ኩብ 28 ቀን ቆይቶ ሲጨመቅ 25 ሜጋፓስካል ይሰጣል የተባለው 18 ሲሰጥ፥ ተቋራጩ ጥግ ይዞ «ጌታዬ፥ ለአንድ ኩብ ብለን ፎቅ እናፍርስ?» ሲል፥ ቆጣጣሪው መሐንዲስ የሚመልሰው መልስ የተዘጋጀው በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እምነቱን እንደ ጠበቀ የሚቆጥር ሰው በፎቁ ሥር ስለሚያድሩት ሰዎች ሲል እዚህ ላይ ካልጸና፥ የጠበቀው ምን እንደ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

የማኅበሩ አባላት ለተግባር ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን በየሥራ ቦታቸው ይቀበላሉ። ፕላን ማንበብና ብረት መቁጠር ይማራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከነርሱ መካከል ከዚህ በላይ የተነገረው ጭንቀት ያለበት አይጠፋም፤ ለአባቱ ሊናገረው አይችልም፥ ለመምህሩም ያፍራል። ኦርቶዶክስም ይሁን ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ፥ ያመነና የሠራ አንድ ታላቅ ሰው ሳይቆጣና ሳይሰብክ ቢያዳምጠው፥ የማያውቀውንም አላውቅም ቢለው ይበቃዋል። ብቻ ለዚህ ጊዜ ማበጀት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ጥያቄውን የሚያነሣው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የልምምዱ ወረቀት ከተፈረመለትና ቦርሳውን ካነገተ በኋላ፥ በር ላይ ቆሞ ነው።