መጠይቁ ራሱ ይጠየቅ



ለወለዱ እናቶች የምንሰጠው ምክር ምን ለውጥ አመጣ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው። እኛም እናቶቹ ሲመጡና ምክሩን ሲጨርሱ አንድ መጠይቅ እየሞላን፣ ነጥቡ ስንት እንደወረደ ልናሳያችሁ አስበን ነበር። የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የኤዲንብራ መጠይቅ ነው። ስላለፉት 7 ቀናት 10 ነገሮችን ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከፍ ሲል ድባቴ ይጠረጠራል።

መጀመሪያ ያሰናከለን ስድስተኛው ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛው ነገር በዝቶባት አቅቷት እንደሆነ ለመጠየቅ የራሱን ፈሊጥ ይጠቀማል። የእኛ የመጀመሪያ ትርጉም ቃል በቃል ስለነበር «ነገሮች በላዬ ላይ ይወጡብኛል» አለ። አንዲት እናት ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና፣ «ምኑ ነው የሚወጣብኝ እህቴ? አይጥ ነው?» አለችን። ሳቅን። በኋላ ግን፣ ሳይገባቸው «አዎ» ያሉት ስንት ይሆኑ ብለን ደነገጥን። አሁን «ነገሩ ሁሉ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» ይላል። ጠይቀን ስናበቃም «ይህ ምን ማለት መሰለሽ? በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ» እንላለን።

ቋንቋው መስተካከሉም ብቻውን አይበቃም። ይኸው የኤዲንብራ መጠይቅ በአዲስ አበባ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትሾ ጥሩ ሲሠራ፣ በቡታጅራ ገጠር ግን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ እዚያ የተሻለው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚመለስበት ባለ 20 ጥያቄው ነው። በእኔ ግምት፣ በየጥያቄው የሚለዋወጡ አራት አራት መልሶችን በጆሮ ሰምቶ መምረጥ ማንበብ ላልቻለች እናት ከባድ ነው። የእኛ አባላት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ናቸው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የአንዲት እናት ነጥብ ስትመጣ 7 ነበር፣ ስትጨርስ 13 ሆነ። በወረቀቱ ከሄድን ምክራችን ጎዳት ማለት ነው። እሷ ግን እንቅልፏ ተመልሷል፣ ገበያ መውጣት ጀምራለች፣ ልጇንም ታጫውታለች። ምነው ብላት፣ «ያኔ አላውቅሽም ነበር። ለባሌ ትነግርብኛለች ብዬ ሁሉንም ደህና ነኝ አልኩሽ» አለችኝ። ተቃራኒውም አለ። መካሪዋን የወደደች እናት፣ እንዳታሳዝናት ብላ ሳይሻላት ተሻለኝ ትላለች። ለነገሩ እኛ ሴቶች ደህና ነሽ ስንባል፣ ሆዳችን ቢባባም «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳንል ወደ ሌላ መልስ እናልፋለን?

ስለዚህ ዘንድሮ የምናቀርብላችሁ ሪፖርት የነጥብ ሠንጠረዥ የለውም። ይህን ስል ገንዘቡ የሚለቀቀው በቁጥር መሆኑን ረስቼ አይደለም፤ ስለ እህቶቼ ሐሰት ከምነግራችሁ ግን ብዘገይ መርጬ ነው። በሚቀጥሉት ወራት የምትጠይቀው መካሪዋ ሳትሆን ሌላ ሴት ትሆናለች፤ ለብቻ፣ በሩ ተዘግቶ። የአእምሮ ጤና ነርስም ነጥቡን ሳታይ እናቲቱን አነጋግራ የራሷን ፍርድ ትጽፋለች፤ ሁለቱን እናስተያያለን። ምክር ገና ያልጀመሩትን በሳምንት ልዩነት ሁለቴ እንጠይቃለን። ኑሯቸውም ሆነ ስሜታቸው ሳይለወጥ ነጥቡ ወዲያና ወዲህ ከዋለለ፣ ከምክር በኋላ ወረደ ብለን የምንደሰትበት ምክንያት የለንም።

አንድ ነገር ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ «አልፎ አልፎ» እንኳ ያለች እናት ድምሯ ምንም ይሁን በዚያው ቀን ከባለሙያ ጋር ትገናኛለች።

ለሙከራው ማንበብ የምትችሉም የማትችሉም፣ ከተማ ያደጋችሁም ከገጠር የመጣችሁም እንፈልጋለን። ከቡናው በኋላ ጸሐፊያችን ጋ ተመዝገቡ፤ ስማችሁ መጠይቁ ላይ አይጻፍም።