«በሰዓቱ መጥተን ነበር»

(በማኅበራችን የዘንድሮ የተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ውድ የጎንደር ልጆች፣

የመድረኩ መሪ «ወጣት ሥራ ፈጣሪ» ብሎ ስላስተዋወቀኝ ከልብ አመሰግነዋለሁ። የ1998 ተመራቂ ነኝ፤ ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ። እዚህ ግቢ ተማሪ ሳለሁ የከተማውን ዳገት በሩጫ እወጣው ነበር። ትናንት ሁለቴ ቆሜ አረፍኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልክ የሚደወልልኝ አስመስዬ ነው።

ጠዋት ሻይ ላይ የቀድሞ አስተማሪያችን፣ ያኔ በራውንድ ሰዓት እንፈራቸው የነበሩት፣ ወደ ጎን ወሰዱኝና «አንቺ ልጅ፣ ሕክምናውን ትተሽ ንግድ ገባሽ አሉኝ። እውነት ነው?» አሉኝ። «አልተውኩም ጋሼ፤ መልሱ ግን ረዘም ይላል» አልኳቸው። ዛሬ የማቀርበው ያንን ረጅም መልስ ነው።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። በተመላላሽ ክፍል ከማያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች ናቸው። ለማናችሁም አዲስ አይደለም፤ በልጅነት ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ይጀምርና የልብን ቫልቭ ያበላሻል። ሕመሙ እንዳያገረሽ በየአራት ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ መወጋት ያስፈልጋል፤ ለዓመታት። መድኃኒቱ ከብዙ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ከባዱ ነገር በየአራት ሳምንቱ መምጣቱ ነው። መርፌው ያማል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ደኅና ነኝ ብላ ታስባለች። አንድ ወር ትቀራለች፣ ከዚያ ሁለት ወር። ከዚያ በድንገተኛ ክፍል በኩል እናገኛታለን።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ጎረቤቴ፣ ያኔ 24 ዓመቱ፣ እናቱን ላሳክም ብሎ መጣ። ካርድ ክፍል ሁለት ሰዓት ቆመ። ከዚያ እኔ ጋ ገባና ስለ እናቱ ሳይጠይቅ «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ሰው ቀጠሮውን የሚያስታውሰው በምንድን ነው?» አለኝ። በትንሽ ወረቀት ነው አልኩት። «ወረቀቱ ቢጠፋስ?» ዝም አልኩ። ሥራችን በዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ቀጠሮ መዝግቦ፣ ከሁለት ቀን በፊት በስልክ መልእክት የሚያስታውስ ሥርዓት እንሥራ ተባባልን።

ስለ ምሥረታው አላሰለቻችሁም። ብቻ አንድ ነገር ልበል። በ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ በቀድሞው በ1952ቱ ሕግ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሰው ለስሙ ብሎ እህቱን ወይም ሚስቱን በአንድ አክሲዮን ያስገባ ነበር። እኛ ግን ሁለት ስለነበርን የሚያጣላን አላጣንም።

ልጁ አንድ ጥሩ ልማድ አለው። በየቀኑ ያናደደውን ነገር በደብተር ይጽፋል። ደብተሩን «የብስጭት መዝገብ» እንለዋለን። «መብራት ሄደ፤ ጀነሬተሩ ነዳጅ የለውም።» «የሰርቨር ክፍያ በዶላር ነው፤ የዶክተር እህት ከአሜሪካ በራሷ ካርድ ከፈለችልን፤ ለሦስተኛ ጊዜ።» «ፈቃድ ለማሳደስ ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ኃላፊው አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው።» መጀመሪያ እስቅበት ነበር። በኋላ ሳነበው፣ ከሥራችን ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ የተገኘው ከዚያ ደብተር መሆኑ ገባኝ። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ስም ነው። አንዲት ታካሚ «ፀሐይ» ትባላለች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስሟን በ«ጸ» ይጽፋታል፣ ነርሷ በ«ፀ»፤ መሐል ያለው ፊደል ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ልጁ ቆጠረና «ዶክተር፣ ይቺ ሴትዮ 12 ሰው ሆናለች» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንዲት ሴት በሁለት ስም ተመዝግባ፣ የአንዷ ቀጠሮ ሲያልፍ «ጠፍታለች» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ ነበር። መፍትሔው ከመፈለጉ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ሆነ። ስሟ በካርዷ ላይ እንደወደደችው ይጻፋል፤ ፍለጋው ግን በድምፅ ነው።

ሁለተኛው ስልክ ነው። የሰጡን ቁጥር የታካሚው ነው ብለን ነበር። ብዙ ጊዜ የልጅ ነው፣ የጎረቤት ነው፣ የባለሱቅ ነው። እንግዲህ «የልብ መርፌዎን አይርሱ» የሚል መልእክት ለባለሱቅ መላክ ማለት የሰው ገመና መግለጥ ነው። ስለዚህ የበሽታም የመድኃኒትም ስም ከመልእክቱ አወጣን። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ሲወጣ እኛ በብስጭት ደብተር በኩል ቀድመን ደርሰንበት ነበር።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ይሄንን ስናገር አልስቅም።

በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ክፍያውም እንደዚያው። ብራችን እያለቀ ነበር። አንድ ማታ እኔ ራሴ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ መልእክቱን አሳጠርኩት። የክሊኒኩን ስም አሳጠርኩ፣ «እባክዎ» የሚለውን ሰረዝኩ፣ «ከጠዋቱ» የሚለውንም ሰረዝኩ። «9:00 ሰዓት» የሚለው ቀረ። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይረነዋል፤ ጳጉሜን እንኳ አልረሳንም። ሰዓቱ ግን እንዳለ ቀርቷል። ሞከርነው፣ ማናችንም አላየነውም። ለምን? ስልካችን ላይ ዘወትር 9:00 እያየን በልባችን «ሦስት ሰዓት» ብለን ማንበብ ለምደናል። እኛ ስንል እኔና ልጁ፣ የአዲስ አበባ ቢሮ ሰዎች።

ከሰላሌ ወገን የምትመጣ የ16 ዓመት ታካሚ ነበረችኝ። እናቷ መልእክቱን ለጎረቤት ልጅ አስነበበች። «ዘጠኝ ሰዓት ይላል» አላት። ልክ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ረፋድ ላይ በመጣው መኪና ተሳፍረው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ፤ እንዲያውም ቀድመው። የመርፌ ክፍሉ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። በሩ ላይ «በሚቀጥለው ሐሙስ ኑ» ተባሉ። ማደሪያ የላቸውም፣ የመመለሻ ብር ብቻ ነበራቸው። ተመለሱ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም።

ልጅቷን ከአራት ወር በኋላ አየኋት። እግሯ አብጦ፣ በጀርባዋ መተኛት አቅቷት፣ ቁጭ ብላ ነበር የምትተነፍሰው። እኔ ደግሞ፣ አሁንም ያሳፍረኛል፣ መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል «ለምን ቀራችሁ?» የሚል ነበር። እናትየዋ ከመቀነቷ ስልኩን ፈታ አወጣችና መልእክቱን ከፍታ ሰጠችኝ። አልጠፋም፤ አራት ወር ሙሉ አስቀምጣዋለች። «ዶክተር፣ በሰዓቱ መጥተን ነበር» አለችኝ።

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዋርድ ወጣች። ቫልቯ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ተጎድቷል፤ አሁን የቀዶ ሕክምና ተራ ከሚጠብቁት አንዷ ናት። መርፌዋ አንድም ቀን አላለፋትም። ያለፋት እነዚያ ወራት ግን አይመለሱም። ይህን የሠራው መብራት አይደለም፣ ኔትወርክ አይደለም፣ ስብሰባ ላይ የነበሩት ኃላፊም አይደሉም። የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ፈጣሪዎች ውድድር ላይ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶን ሥራችንን እንድናቀርብ ተጋበዝን። ልጁ «ስለ ልጅቷ እናንሳ ወይስ እንተወው?» አለኝ። ከእኛ በፊት የቀረቡት ሁሉ የሚያድግ መስመር ብቻ አሳዩ። ስህተት ያለው አንድም አልነበረም። እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ የዚህ ግቢ የጠዋት ስብሰባ ነው። ሌሊት ዲውቲ ያደረ ኢንተርን፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ታካሚው ለምን እንደሞተ በመምህራን ፊት ቆሞ ያስረዳል። እንጠላው ነበር አይደል? እኔ ሆዴን ቆርጦኝ ያውቃል። ግን ስህተት ተሸፍኖ እንዳይቀር ያደረገው እሱ ነው። ስለዚህ ተናገርኩ። ስለ ልጅቷ፣ ስለ 70ው ፊደል፣ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ። አላሸነፍንም። ከዳኞቹ አንዱ በኋላ ቀርቦ «ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ ስታርታፕ ሳይሆን የስልክ ጥሪ ማዕከል ነው» አለኝ።

አልተሳሳተም። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ «ሐሙስ ጠዋት በ3 ሰዓት» ብሎ ነው የሚጀምረው። የዕለቱን ስም ያስቀደምነው መርፌው በየአራት ሳምንቱ ስለሆነ ቀኑ ሁሌ ያው ሐሙስ ስለሚውል ነው፤ ሐሙስን የሚረሳ የለም። መልእክቱ ከ70 ካለፈም ይለፍ፤ እንከፍላለን። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሁለት ወጣት ሴቶች ቀጥረናል፤ ይደውላሉ። «እናቴ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ በስንት ሰዓት ነው ያልኩዎት?» ብለው መልሰው ያስደግማሉ። የቀረ ሰው ሲኖር በዚያው ቀን ይደውላሉ፤ «ለምን ቀሩ?» አይሉም፤ «ምን አጋጠመዎት?» ነው የሚሉት። ያቺ እናት ናት ያስተማረችን። ሦስት የግል ክሊኒኮች በየወሩ ይከፍሉናል፤ በዚያ ገቢ የሌሎቹን ታካሚዎች ወጪ እንሸፍናለን። እኔ ከድርጅቱ እስካሁን ደመወዝ አልወሰድኩም፤ የሰርቨሩን ግን ዘንድሮም እህቴ ናት የከፈለችው። እህቴ፣ አሁን በስልክ እየሰማሽኝ ከሆነ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ጋሼ፣ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሕክምናውን ትቼ ንግድ አልገባሁም። እንዲያውም የገባሁት የዚህ ግቢ የድሮ ሥራ ውስጥ ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ታካሚው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ ያልመጣው ለምን እንዳልመጣ ሄዶ መጠየቅ የዚህ ቤት ወግ ነው። እኛ በእግር ፈንታ በስልክ ሄድን እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

ሁለት ነገር ልለምንና ልጨርስ።

መምህራኖቻችን፣ ተማሪ «አፕ ልሠራ ነው» ብሎ ሲመጣባችሁ አትሳቁበት፤ አታጨብጭቡለትም። መጀመሪያ ካርድ ክፍል አንድ ሳምንት አስቀምጡት። የብስጭት ደብተሩ ሲሞላ ተመልሶ ይምጣ።

በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ወጣቶች ሥራቸውን ሊያሳዩአችሁ ሲመጡ «ስንት ተጠቃሚ አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ማንን ጎዳችሁ? ከዚያስ ምን ቀየራችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። መልስ ያለው ልጅ ካገኛችሁ፣ ብር ባይኖራችሁ እንኳ ጊዜያችሁን ስጡት።

ከሰዓት በኋላ ያለው የቡድን ፎቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተብሏል። በእኛ አቆጣጠር ነው፤ አዘጋጆቹን ሁለቴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።